የድንቢጥ ልክ

የማእዘኗ የሚለውን ስም ያወጡላት ጎረቤቶቿ ናቸው። ዛሬ ፍቅረኞች የሚያድሩበት፣ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡበት ያ ትልቅ ግንብ፣ ያኔ ጣሪያው የወለቀ፣ እርግብና ድኻ ተጋርተው የሚኖሩበት ፍርስራሽ ነበር። ንጉሥ ሠራው፣ ጊዜ ጣለው፣ ቤት ያጣ ሁሉ ደግሞ ጥግ ጥጉን ይዞ ገባበት። ሰውም የሚጠራው በያዘው ጥግ ነበር። ከደረጃው ሥር የሚኖረው ጫማ ሰፊ «የደረጃው» ይባላል። የንጉሥ ፈረስ ይታሰርበት በነበረው ጋጣ ውስጥ ሰባት ልጅ ያሳደገችው ልብስ አጣቢ «የጋጣዋ» ናት። እሷ ደግሞ ባሏን ተከትላ የገባችው ከላይኛው ፎቅ፣ ወንዙን ቁልቁል ከሚያየው የማእዘን ክፍል ስለነበር የማእዘኗ ተባለች። ከክፍሉ ከወጣች ስንት ዘመን ሆናት፤ ስሙ ግን ከእሷ አልወጣም።

ባሏ ለሳኝ ነው። የሰው ግድግዳ መርጎና አለስልሶ ነው ዕድሜውን የፈጀው። የልስን ማንኪያውን በግራ እጁ ስለሚይዝ ግራው ይሉታል። «እጁ ግራ፣ ሥራው ቀኝ» ይሉ ነበር ያሠሩት ሰዎች። ሲያገባት ከአንድ ምንጣፍና ከዚያች ማንኪያ በቀር ምንም አልነበረውም። ይሁን እንጂ ጣሪያ የተረፈው ክፍል የእነሱ ብቻ ስለነበር በግንቡ ውስጥ እንደ ባለጠጋ ይታዩ ነበር። የተረፈውም ጣሪያ ቢሆን ግማሹ ነው። ዝናብ ሲመጣ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይሸሻሉ፣ እየሸሹም ይስቃሉ። ወጣት ነበሩ።

በዚያ ግንብ ውስጥ የቤት ወረቀት ያለው ሰው አልነበረም። ሰው ደግሞ ያለ ምስክር መኖር አይሆንለትምና የራሳቸውን ምስክር አበጁ። ልጅ የወለደ ሁሉ፣ ልጁ መቆም ሲጀምር ከበሩ መቃን ላይ አስደግፎ በምስማር ልኩን ይጭራል። በየዓመቱም የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል እንደገና ይለካዋል። አንዱ ጉልበተኛ መጥቶ «ክፍሉ የኔ ነው፣ ውጪ» ያለ እንደሆነ ጎረቤት ይሰበሰባል። የደረጃው ጫማ ሰፊ ጭረቶቹን አንድ በአንድ በጣቱ ይነካና «የነዚህ ልጅ እዚህ አድጓል። ያንተ የት አደገ?» ይለዋል። ጉልበተኛውም እያጉረመረመ ይሄዳል። በዚህ ያልተፈታ ክርክር አልነበረም።

በማእዘኗ መቃን ላይ የተጫረው የአንዲት ልጅ ልክ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ናት። አንዱን እግሯን ከሌላው አስቀድማ መሄድ የማይሆንላት፣ ደረጃውን ሁለት እግሯን ገጥማ እየዘለለች የምትወጣ ልጅ ስለነበረች ድንቢጥ አሏት። ልክ በሚወሰድበት ቀን ድንቢጥ ማጭበርበር ትወዳለች። ቀስ ብላ ተረከዟን ታነሣለች። አባቷ መዳፉን አናቷ ላይ አድርጎ «ተረከዝ መሬት» ይላታል፤ እሷ ታወርዳለች፣ ዞር ሲል መልሳ ታነሣለች። በመጨረሻው ዓመት እናቷ «ተዋት፣ ዘንድሮ ትስረቀን» ብላ ሣቀች። ግራውም እንዳላየ ሆኖ ጫረላት። ያቺ የላይኛዋ ጭረት ከልጅቷ ቁመት አንድ ጣት ያህል ትበልጥ ነበር። የማእዘኗ ጎኗን ስታስጠጋባት ልክ ዳሌዋ ላይ ትውላለች።

በዚያው ዓመት ብርዱ ሲገባ ልጅቷን ሳል ያዛት። ደረቷ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ሲል ሰነበተና ሄደች። ፎቶ የላትም፤ ማን ፎቶ ያነሣል ያኔ። መቃብሯ ላይ የተተከለውን እንጨት ምስጥ በላው፣ ቦታውንም ጎርፍ አስተካከለው። በእናቷ እጅ የቀረ ነገር ቢኖር ያ መቃን ብቻ ነበር። እሱንም ይዘውት የሚዞሩት ነገር አይደለም።

ከዚያ ግንቡ ሊታደስ ነው ተባለ። ባለሥልጣን መጣ፣ ሜትር ተዘረጋ፣ ሰዉም ጓዙን ተሸክሞ ወጣ። ማዶ ባለው ሜዳ ላይ እየተከራዩ ተበታተኑ። ግራው ሥራ ሲፈልግ ሰነባብቶ እዚያው ግንብ እድሳት ላይ ተቀጠረ። የማእዘኗ ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ነበር። ማታ ማታ ኖራ ለብሶ ሲገባ ውሃ እያፈሰሰችለት ትጠይቀዋለች።

«የኛ ክፍል ደረሰ?»

«ገና ነው።»

ሌላ ቀን ደግሞ ትጠይቃለች። ገና ነው ይላታል። አንድ ቀን ሳትጠይቀው እሱ ራሱ ተናገረ። እጁን እየታጠበ፣ ፊቱን ወደ ውሃው አድርጎ ነበር።

«የኛ ክፍል ደርሶ አለቀ። መቃኑን ግን አልነኩትም። ድንጋዩ ጥንታዊ ነው አሉና እንዳለ ተዉት።»

«ጭረቱም?»

«ጭረቱም።»

እሷም ያቺን ቃል ስንቅ አድርጋ ኖረች። ስንት ክረምት አለፈ። ሆቴሉ ተከፈተ፣ እንግዳ ያልሆነ ሰው ከበሩ አይዘልም ተባለ፤ እሷም ሄዳ ለማየት አልደፈረችም። ግራው ቀስ በቀስ የራሳቸውን ቤት ሠራ፣ ግድግዳውንም በገዛ እጁ ለሰነው። በሆዷ የነበረችው ሁለተኛዋ ልጅ አደገች፣ ተማረች። የማእዘኗ ሆድ ሲብሳት ከጓሮዋ ሆና ማዶ የሚታየውን ግንብ ታያለች፤ መዳፏን ዳሌዋ ላይ ታሳርፍና «እዚህ ድረስ ናት» ትላለች። እዚያ፣ ከዚያ ሁሉ ድንጋይ መሐል፣ የልጇ ቁመት ቆሞ አለ። ይህ ለሌላው ምንም ላይመስል ይችላል፤ እሷን ግን ያቆማት እሱ ነው።

ልጅቷ የጉዞ ወኪል ቢሮ ገባች። ሥራዋ የሰውን ሽርሽር ማሰናዳት ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ፊቷ በርቶ መጣች።

«አርባኛ ዓመታችሁ ደርሷል። እማዬ፣ እኔ እኮ የሰው ሁሉ ጫጉላ እያዘጋጀሁ እናንተ ጫጉላ ሳትወጡ አረጃችሁ።»

«ማን ነገረሽ? አባትሽ ጫጉላውን የጣሪያ ውሃ ሲቀዳ ነው የጨረሰው።»

«ለዚህ ነው ግንቡ ሆቴል የምልካችሁ። አሁን ጣሪያው አያፈስም።»

ግራው ከተቀመጠበት ቀና አለ። «እኔ ደረጃ አልወጣም። ጉልበቴ አይችልም።»

«አባዬ፣ ትናንት ጣሪያ ላይ ወጥተህ ቆርቆሮ ስትመታ ጉልበትህ የት ነበር?»

«ጣሪያ ሌላ፣ ደረጃ ሌላ።»

ሰበብ ደረደረ። የሆቴል ምግብ ሆዴን ይነፋኛል አለ፤ ባዕድ አልጋ ላይ እንቅልፍ አይወስደኝም አለ፤ ቤቱን ለማን ጥለን አለ። ልጅቷ ሣቀችበት። እናቷ ግን ወጥ ቤት ስባት ገባችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የማእዘኑን ክፍል ታገኚልኛለሽ? ወንዙን የሚያየውን» አለቻት።

«እሱማ የፍቅረኞች ክፍል ነው፤ ሰው ሁሉ የሚሻማበት። ለካ አንቺም ፍቅር ታውቂያለሽ።»

የማእዘኗ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሣቀች። ስለ ጭረቱ አልነገረቻትም። እህት እንደነበረቻት ልጅቷ ታውቃለች፤ ከዚያ ያለፈውን ግን እናቲቱ እንደ መድኃኒት ለብቻዋ ነበር የምትቆነጥረው። ለግራውም ስለ ክፍሉ ትንፍሽ አላለችም። ልታስደስተው ነው። አብረው ገብተው፣ አብረው ጎንበስ ብለው ሊያዩት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ድሮ ጭቃ የነበረው ግቢ ሣር ለብሷል። ጋጣው ምግብ ቤት ሆኗል፤ ሰባት ልጅ የተኛበት ወለል ላይ ነጭ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎችና የወይን ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። እንግዳ ተቀባይዋ ለጋ ልጅ ናት፤ ብድግ ብላ ተቀበለቻቸው።

«እንኳን ደህና መጡ እናቴ፣ አባቴ። የማእዘኑ ክፍል ነው የተያዘላችሁ።»

ግራው ሚስቱን ዞር ብሎ አያት። ፊቱ ኖራ መሰለ። «ልጄ፣ ምድር ቤት ሌላ ክፍል አይገኝም? ጉልበቴ ነው።»

«አሳንሰር አለን አባቴ፣ አይጨነቁ።»

አሳንሰሩ የመስታወት ነው። ያቆሙት ጫማ ሰፊው ይኖርበት በነበረው የደረጃ ሥር ነው። «የደረጃው ቢያይ፣ እዚሁ ተቀምጬ ሰማይ እገባ ነበር ለካ ይል ነበር» አለች የማእዘኗ። ግራው አልሣቀም። ሻንጣቸውን የያዘው አስተናጋጅ ግን ጨዋታ የፈለገች መስሎት ማስረዳት ጀመረ።

«ክፍላችሁ የአንዲት ልዕልት መኝታ ነበር። ከእሷ በኋላ እኛ እስክናድሰው ድረስ ሰው አልገባበትም። ባዶውን ነው የኖረው።»

«ባዶውን?»

«ባዶውን እናቴ። የሌሊት ወፍ ብቻ ነበረበት።»

የማእዘኗ ባሏን አየችው፤ እሱ ጫማውን ያያል። አስተናጋጁ ሻንጣውን አስቀምጦ፣ በሩን ከፍቶ፣ እጅ ነሥቶ ሄደ።

አልጋው መጋረጃ የለበሰ ነው። አንሶላው ላይ የጽጌረዳ ቅጠል በትነው የልብ ቅርጽ ሠርተውበታል። መብራቱ ለፍቅር ተብሎ የደበዘዘ ነው፤ በየመደርደሪያው ሻማ አለ። መስኮቱ ያው መስኮት፣ ወንዙም ያው ወንዝ ነው። ሌላውን ሳታይ ወደ መቃኑ ሄደችና ጎንበስ አለች።

መቃኑ ነጭ ነው። ከላይ እስከ ታች ኖራ ለብሷል።

ብርሃኑ ያታለላት መስሏት ሻማ አምጥታ አስጠጋች። በጣቶቿ ዳሰሰች፣ ከዳሌዋ ጀምራ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ። ጥፍር የሚያቆም ነገር የለም። ግራው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ካፖርቱን አላወለቀም፣ ሱሪው ላይ የአበባ ቅጠል ተለጥፎበታል።

«የለም» አለችው።

«ምኑ?»

«ምኑ ትለኛለህ?»

ከሱሪው ላይ ቅጠሉን አነሣና «እኔ ከወጣሁ በኋላ ደፍነውት ይሆናል። የእነሱ ነገር መቼ ይታመናል» አላት።

እሷም አመነችው። የማታምንበት ምክንያት አልነበራትም። መሬቱ ላይ ተቀምጣ መቃኑን ተደግፋ አለቀሰች፤ እሱም አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ፤ እጇን ያዘ። እንዲያውም እሱን አሳዘናት። የእሱም ልጅ አይደለች? እራት በትሪ መጣላቸው፤ ሾርባውን እንደ ሕፃን «ጠጣ፣ ይበርዳል» እያለች አስጠጣችው። መሽቶ ያደሩት ጀርባ ለጀርባ ገጥመው ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ጠዋት ፀሐይ ከወንዙ ማዶ ስትወጣ በመስኮቱ በአግድም ገብታ በሩ ላይ ታርፋለች። ይህን የማእዘኗ ድሮም ታውቀዋለች፤ ድንቢጥን የሚቀሰቅሳት ያ ብርሃን ነበር። ዓይኗን ስትገልጥ ብርሃኑ መቃኑን በጎን መትቶታል። ማታ ለስላሳ የነበረው ኖራ አሁን የእጅ መንገድ ታየበት። የልስን ማንኪያ ሲዞር የሚተወው ስስ ቅስት፣ አንዱ ባንዱ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነባብሯል። ቅስቱ የሚያጋድለው ግን ለሳኝ ሁሉ ወደሚያጋድልበት ወገን አይደለም። ወደ ሌላው ነው።

ይህንን ቅርፊት ታውቀዋለች። መኝታ ቤቷ ውስጥ፣ ከራስጌዋ ነው ያለው። በሽታ ሲጥላት እሱን እያየች ነው የተኛችው። ሁለተኛዋ ልጅ ስትታመም እሱን እየቆጠረች ነው ያነጋችው። ሰው የባሏን ድምፅ በጨለማ እንደሚለይ የግራውን የእጅ ዙር ትለያለች።

ቁርስ መጣ። ዳቦ፣ ቅቤ፣ ሁለት ሲኒ ሻይ፣ መሐሉ ላይ አንዲት ጽጌረዳ። ግራው ስኳሩን ማማሰል ጀመረ።

«ይህን መቃን ማን ነው የለሰነው?» አለችው።

ማንኪያው ሲኒው ውስጥ ቆመ። «እኔ የት አውቄ።»

«ግራው» አለች።

እየጠራችው አልነበረም። እየመለሰችለት ነው። እሱም ገባው። ሲኒውን አስቀመጠ።

«የእድሳቱ አለቃ፣ ፎርማኑ ነው። ከግንቡ የወጣችሁ እያንዳንዳችሁ በየክፍላችሁ ጀምሩ አለ። የራሱን ክፍል ያላጸዳ አልቀጥርም፤ ተመልሳችሁ እንዳትመጡ ልባችሁን እዚሁ ጥላችሁ ውጡ አለ። የደረጃው እምቢ ብሎ ሄደ። እኔ ግን አንቺ ነፍሰ ጡር ነበርሽ። ቤት ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ አልነበረም።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። ደፍነኸዋል ወይስ ፈንቅለኸዋል?»

«ደፍኜው ነው።»

«ከሥሩ አለ ማለት ነው?»

«አለ።»

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ፤ የሻይ ማንኪያም ቢሆን ያው ነው። የማእዘኗ ማንኪያዋን ከሲኒው አወጣች፣ በነጩ ናፕኪን ጠረገችና በእጀታው በኩል ለባሏ ዘረጋችለት።

«እንግዲያው ክፈተው።»

«አብደሻል? የሰው ግድግዳ ነው። ክፍሉን በያዘችልን በልጃችን ላይ ነገር ይመጣባታል።»

«ጥፍር የምታህል ብቻ። የላይኛዋን። የሰረቀችንን።»

«ደግሞ ሌላ ቀን...»

«ሌላ ቀን ማን ያስገባናል?»

ተቀበላት። በግራ እጁ ያዛት። ወደ መቃኑ ሄደ፤ ልኩን አልፈለገም፣ አልለካም፣ እጁ ራሱ ሄዶ ቦታዋ ላይ አረፈ። ኖራ የምን ጉልበት ይፈልጋል፤ ማንኪያ ይበቃዋል። ግን የማንኪያዋ ጫፍ ግድግዳውን ነክታ ቆመች። ፀሐይዋ ከመቃኑ ላይ እየሸሸች ሄደች፣ እሱ እንደቆመ ነው። የማእዘኗ ከኋላው ሆና ትከሻውን ስታይ፣ ከሥሩ ምንም እንደሌለ አወቀች። ቢኖር ኖሮ ይህን ጊዜ ሁሉ ባልቆመ ነበር።

«በመሮ ነው» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። «ፎርማኑ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። እስከ ድንጋዩ አውርደው አለኝ። አወረድኩት። ከዚያ ለሰንኩት።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን አለ ያልከኝ?»

«አለ ስልሽ ፊትሽ ይበራል። ስላንቺ ብዬ ጀመርኩት። ኋላ ኋላ እኔም አለ እያልኩ ማመን ጀመርኩ።»

«ያኔ ብትነግረኝ» አለችው፣ ድምጿን ሳታነሣ፣ «አብረን እናለቅስ ነበር። አሁን ለብቻዬ ልጀምር?»

እሷ ተነሥታ ወደ መቃኑ ሄደች፤ እሱም ገለል አለላት። እንደ ድሮዋ ጎኗን አስጠጋች፤ መዳፏን ከዳሌዋ ላይ አንሥታ ቀጥ አድርጋ ግድግዳው ላይ አሳረፈች። የባሏ ማንኪያ የነካችው ቦታ፣ ትንሽ ስርጉድ ሆና፣ ከእጇ በላይ ቀርታለች። እጇን ወደ ላይ ገፋች፣ መልሳ አወረደች። ያኔ ነው የገባት። አርጅታለች፤ ወገቧ ጎብጧል፣ ቁመቷ ወርዷል። ከጓሮዋ ሆና «እዚህ ድረስ ናት» እያለች ስትለካ የኖረችው ልክ፣ እሷ ባጠረች ቁጥር አብሮ እያጠረ ነበር። መቃኑ የለም፤ ሰውነቷም ምስክር ሊሆናት አልቻለም። የቀረው አንድ የሚያውቅ እጅ ነው፤ እሱም ያ መሮ የያዘው እጅ ነው።

ሻንጣቸውን ይዘው ወረዱ። ሆቴሉ ጥንዶችን በር ላይ ፎቶ የማንሣት ልማድ አለው፤ አቆሟቸው፣ «ጠጋ በሉ እንጂ» አሏቸው፣ ጠጋ አሉ። እንግዳ ተቀባይዋም እጇን አጣምራ ቀረበች።

«ቆይታችሁ እንዴት ነበር እናቴ?»

«ለሌሊት ወፍ መልካም ነው» አለቻት የማእዘኗ።

እንግዳ ተቀባይዋ አልገባትም፤ ግን ቀልድ መስሏት ከልቧ ሣቀች።

ፎቶው ለልጃቸው ተላከ። ልጅቷም አሳጥባ፣ በመስታወት አሠርታ፣ ሳሎን ውስጥ አባቷ በለሰነው ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። የመጣ ሰው ሁሉ «እንዴት ያምራል፣ እርጅናን እንዲህ ማሳለፍ» ይላል። የማእዘኗ እንግዳውን «ተጫወቱ» ብላ ወጥ ቤት ትገባለች። አልጋዋን አዙራ አንጥፋለች፤ አሁን የምትተኛው እግሯን ወደ ራስጌው ግድግዳ ዘርግታ ነው። ከባሏ ጋር አልተጣላችም። ሾርባውን ታቀርብለታለች፣ መድኃኒቱን ታስታውሰዋለች። ጓሮ ወጥታ ማዶ ማየቱን ግን ትታለች።

የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ዕለት ግራው ከዕቃ ሳጥኑ አንድ ምስማር አወጣ። የመኝታ ቤታቸው መቃን አጠገብ ሄዶ ቆመ። ግራ እጁን አነሣና፣ አንድ ቦታ ላይ አሳርፎ፣ ወደ ወጥ ቤቱ ዞረ።

«እዚህ ነበረች አይደል?» አላት።

የማእዘኗ ድስቱን ማማሰሏን አላቆመችም። «እኔ ምን አውቄ» አለችው። «የምታውቀው አንተ ነህ።»

ብዙ ቆመ። ቢጭርም ልክ ነው ብላ የምትመሰክርለት አጣ። ምስማሩን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። እስከ ዛሬም እዚያው ነው፤ ዝገት ይዞታል። እሱ አያነሣውም፣ እሷም አታቀብለውም።